የወፍና የሽኮኮ መከላከያ መረብ፦ ለየትኛው ፍሬ የትኛው ይሻላል?

በለስ (ቁልቋሉ ሳይሆን በዛፍ ላይ የሚያፈራው «ፊግ») ለነገ የሚያድር ፍሬ አይደለም። ማታ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ «ገና ትንሽ ቀርቶታል» ያላችሁትን፣ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ግማሹ ተጎርሶ፣ የቀረው በጉንዳን ተወርሮ ታገኙታላችሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ጓሮ ያለው ሐበሻ ሁሉ ነሐሴ ሲመጣ ይህንን እሮሮ ያሰማል። እኔም ከአልቃሾቹ አንዱ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት በለስ፣ ኮክ፣ ብሉቤሪና እንጆሪ ስተክል ለመከላከያ ይሸጣል የተባለውን ሁሉ ገዝቻለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ ገዝቻለሁ፤ ይህንን ስጽፍም አፍራለሁ።

አገር ቤት ማሽላ ሲያሸት ልጅ ማማ ላይ ይወጣል። ወንጭፉን ይዞ ግሪሳው ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ እያየ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረውራል። መረብ የዚያ ልጅ ምትክ ነው። አይደክምም፣ ምሳም አይፈልግም፤ ነገር ግን ማን እንደመጣ አያይም። ስለዚህ ማየቱ የእናንተ ሥራ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ሌባውን እወቁ።

ወፍ ፍሬውን ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ይወጋዋል። ጉድጓዱ ሹል ነው፣ ብዙ ጊዜ በላይኛው ጎን፤ የተረፈው እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብሉቤሪና ቼሪ ትንንሽ ስለሆኑ ሙሉውን ይውጣቸዋል፤ ምልክቱ ባዶ ዘለላ ብቻ ነው። ሽኮኮ ግን ነቅሎ ይሄዳል። (ሽኮኮ ስል በገደል የሚኖረውን የአገራችንን እንስሳ ሳይሆን፣ ጅራቱ የዝንብ ጭራ የሚመስለውን የዛፍ ስኩዊረል ማለቴ ነው።) አንድ ጊዜ ገምጦ የጣለውን ፍሬ አጥር ላይ ወይም መሬት ላይ ታገኙታላችሁ፤ የጥርሱ ፋና ጥንድ መስመር ሆኖ ይታያል። በግንቦት መጨረሻ ጥሬ ኮክ በዛፉ ሥር ተበታትኖ ካያችሁ ጥርጥር አይግባችሁ፤ ለሥጋው ሳይሆን ለውስጡ ፍሬ የመጣ ሽኮኮ ነው። ግራጫው ሽኮኮ ሌሊት ይተኛል። ስለዚህ ቅርንጫፍ ተሰብሮ ካደረ ራኩን ወይም ኦፖሰም የሚባለው የሌሊት እንስሳ ነው፤ ለነዚህ ደግሞ ጠንካራ ሽቦ ካልሆነ በቀር መረብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ርካሹ ጥቁር መረብ

በየአትክልት መሸጫው መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው። በጥቅል የሚሸጥ፣ ጥቁር፣ እንደ ሸረሪት ድር የቀለለ ፕላስቲክ፤ ቀዳዳው አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ወይም ከዚያ የሰፋ። ሁላችንም የምንጀምረው በእሱ ነው፤ ምክንያቱም በእጅ ያለው ገንዘብ ለሙሉ ዛፍ ይበቃል።

ሲለብስ ቀላል ይመስላል፤ ሲወልቅ ነው ጉዱ። እያንዳንዱ ቅጠልና ቡቃያ በቀዳዳው ውስጥ ያድጋል። ለቀማ ስትወጡ የሸሚዛችሁን ቁልፍ፣ የጆሮ ጌጣችሁን፣ ሰዓታችሁን ይይዛል። በጉልበት ስትጎትቱት የበሰለው ፍሬ ቀድሞ ይረግፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ፍሬው ላይ በቀጥታ ከተኛ ወፉ መረቡ ላይ ቆሞ በቀዳዳው በኩል ይወጋዋል። መረብ ለብሶ የተበላ ብሉቤሪ ማየት ባዶ ቁጥቋጦ ከማየት ይልቅ ያናድዳል። ሽኮኮን በተመለከተ የሚባል ነገር የለም፤ የፊት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ ማኘክ ግዴታው ነው፤ ይህንን መረብ በደቂቃ ይቀደዋል።

እኔ ግን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ዓመት፣ በሐምሌ አንድ ማለዳ፣ ትርፉን መሬት ላይ በጣልኩት መረብ ውስጥ ቁመቱ ከእኔ ብዙም የማያንስ ጥቁር እባብ ተተብትቦ አገኘሁ። መርዝ የሌለው፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የተለመደው አይጥ በል እባብ ነው። ጭንቅላቱን አስገብቶ ወደፊት ሲገፋ ክሩ ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ነበር፤ እባብ ደግሞ ወደ ኋላ መሸሽ አይሆንለትም። እባብ ሲያይ ድንጋይ በሚያነሣ መንደር ያደግሁ ሰው በወፍራም ጓንት የጎረቤቴን የጥፍር መቀስ ይዤ ሠላሳ ስምንት ክር አንድ በአንድ ቆረጥኩ። (የቆጠረው ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ከሩቅ ቆሞ መቁጠርን መርጦ ነበር።) እባቡ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ይህ እባብ አይጥንም የሽኮኮ ግልገልንም ይበላል። ሽኮኮን ለመከላከል የዘረጋሁት መረብ የሽኮኮን ጠላት አሠረልኝ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ጓሮ ችግር ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት፣ ሜልቦርን ላይ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት አገር፣ ፍሬ በል ትልልቅ የሌሊት ወፎች በእንዲህ ያለ መረብ ተጠልፈው እየተጎዱ ስላስቸገሩ ከመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ወጥቷል። በመኖሪያ ቤት ፍሬ ላይ የሚለብስ መረብ ተወጥሮ ሲለካ ቀዳዳው ከ5 በ5 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይፈቀድለትም። ሜትር ይዞ ገበያ መሄድ አያስፈልግም፤ ጣታችሁን አስገቡ። ጣት ከገባ ቀዳዳው ሰፊ ነው። አሜሪካ ያለነው በዚህ ሕግ አንገደድም፤ እኔ ግን መለኪያውን ወስጄዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህም የቆረጥኩት ክር የለም።

ጥቅጥቁ ነጭ መረብ

ለወፍ ከሆነ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሳናነብ አንድ ነገር ንገረን ካላችሁኝም ይህንኑ እላለሁ። እንደ ጨርቅ የተሠራ፣ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ነጭ መረብ ነው፤ ለተባይ መከላከያ ተብሎም ይሸጣል። ከጥቁሩ ዋጋው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቅርንጫፍ ላይ አይጠላለፍም፣ እንደ አንሶላ ተስቦ ይወርዳል። ነጭነቱም ወፏ ከሩቅ እንድታየው ያደርጋል። ጥቁሩ ሁለት በጋ ሳይሞላ ፀሐይ ሲያደርቀው፣ የእኔ ነጭ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲካፈል የቱ ርካሽ እንደሆነ አስሉት።

ሁለተኛ ጥቅሙን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ የታየችና ከዚያ በየግዛቱ የተዛመተች፣ ከእስያ የመጣች ክንፏ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ አለች። ሌሎቹ ዝንቦች የበሰበሰ ሲፈልጉ እርሷ ገና በሚበስለው ፍሬ ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ብሉቤሪ፣ ቼሪና ራስቤሪ ትወዳለች። የመረቡ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ ወፉንም ዝንቧንም በአንድ ጨርቅ ትከለክላላችሁ። በነሐሴ የሚደርስ ብሉቤሪ ያላችሁ ጠባቡን ግዙ፤ በሰኔ የሚደርስ ብቻ ከሆነ ግን አምስት ሚሊ ሜትሩ ይበቃል፣ አየርም የተሻለ ያስገባል።

ጉዳቱ ንብን መከልከሉ ነው። አበባ ላይ ካለበሳችሁት ፍሬ አይቋጥርም፤ የአበባው ቅጠል ረግፎ አረንጓዴው ፍሬ እስኪታይ ጠብቁ። በለስ ግን ከዚህ ነፃ ነው። በዚህ አካባቢ የሚተከሉት ብራውን ተርኪና ሴለስት የተባሉት ዝርያዎች ያለ ነፍሳት እርዳታ ስለሚያፈሩ መቼም ብታለብሱት አይጎዳቸውም።

መረብ ፍሬውን መንካት የለበትም፤ የሚሸፈነው አየሩ ነው። ለብሉቤሪ አራት የብረት ካስማ መሬት ውስጥ መትቼ፣ በላያቸው የውኃ ፕላስቲክ ቱቦ እንደ ቅስት አጎንብሼ አስገባሁ። ሁለት ቅስት ለሁለት ቁጥቋጦ ይበቃል። በመረቡና በዳር ባሉት ዘለላዎች መካከል ቢያንስ አንድ ስንዝር ይኑር። ታችኛው ጠርዝ ላይ ረጅም እንጨት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ድንጋይ በየቦታው ብቻ ካስቀመጣችሁ በመካከል ክፍተት ይተርፋል። አሜሪካዊው ሮቢን ደግሞ የሚበር ወፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መሬት ለመሬት እየተራመደ ጠርዙን እንደ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ይመረምራል። አንዴ ከገባ መውጫው ይጠፋዋል፣ እናንተም እሱን ለማስወጣት መረቡን ልታነሡ ነው።

ሽኮኮስ? ጥቅጥቁ መረብ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ሌላ የሚበላ ካለ ይተወዋል፤ ሐምሌ ደርቆ ውኃ ሲጠፋ ግን ይቀድደዋል። በድርቅ ጊዜ ሽኮኮ ፍሬ የሚገምጠው ለውኃው ጭምር ስለሆነ፣ ከዛፉ ራቅ አድርጌ ዝርግ ሳሕን ውኃ አስቀምጣለሁ። ጉዳቱ ቀንሷል፤ ጠፍቷል ግን አልልም።

ሽቦ፦ ለሽኮኮ እውነተኛው መልስ

ግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለው፣ ዚንክ የተቀባ የሽቦ ወንፊት ሽኮኮ አያኝከውም። የዶሮ ሽቦ ከዚህ ይቀልላል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ነገር ግን ቀዳዳው አንድ ኢንች ስለሆነ ቺፕመንክ የምትባለው ትንሿ ባለ መስመር የሽኮኮ ዘመድ ትገባበታለች፣ ለእንጆሪ ደግሞ ከእርሷ የባሰ የለም። ስለዚህ ልዩነቱን ከፍላችሁ ወንፊቱን ግዙ።

ሽቦ የሚያዋጣው ዝቅ ላለ ተክል ነው። ለእንጆሪ መደብ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሆነ የእንጨት ሳጥን ሠርቼ፣ ላዩን በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን አድርጌ፣ ሁሉንም ጎን በወንፊት ሸፈንኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ፤ እጄም በሽቦው ጫፍ ተቧጨረ። ግን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ስለ እንጆሪ አስቤ አላውቅም። ንብ በግማሽ ኢንች ቀዳዳ ውስጥ ያለ ችግር ስለምትገባ በአበባ ጊዜ እንኳ መክፈት አያስፈልግም። አንድ የምመክራችሁ ክዳኑን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሊያነሣው በሚችል መጠን ሥሩት። የመጀመሪያው ክዳኔ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህ አይከፈትም ነበር፤ ስለዚህ እንጆሪው ውስጡ በሰበሰ።

ሰው የሚገባበት የሽቦ ቤት መሥራትም ይቻላል። ሁለት ሜትር ከፍታ፣ ጣሪያ ያለው፣ በር ያለው። በለሳችሁን በየዓመቱ ቆርጣችሁ ዝቅ የምታደርጉ ከሆነ፣ ቦታውም ከተፈቀደላችሁ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ወጪው ግን የፍሬውን ዋጋ በስንት ዓመት እንደሚመልስ ለባለቤቴ ማስረዳት ስላቃተኝ እስካሁን አልሠራሁትም። የጎረቤት ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ በአንድ መሸፈን

ዛፉን ሳይሆን ፍሬውን መሸፈን አድካሚ ይመስላል። ለበለስ ግን ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ በለስ በአንድ ጊዜ አይደርስምና። በሰርግ ላይ ስጦታ የሚታደልባቸው፣ አፋቸው በክር የሚሳብ የኦርጋንዛ (የስስ ጨርቅ) ከረጢቶች አሉ። በለሱ ማበጥና ቀለሙን መለወጥ ሲጀምር፣ ማለትም ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከረጢቱን አልብሳችሁ ክሩን በፍሬው አንገት ላይ ትስባላችሁ። ከለቀማችሁ በኋላ ለሚቀጥለው ታዞሩታላችሁ። ሠላሳ ከረጢት አንድ በለስ ዛፍ ወቅቱን ሙሉ ይጠብቃል። ተርብንና ጉንዳንንም ይከለክላል። ዝናብ ሲያርፍበት ቶሎ ስለሚደርቅ በለሱ አይኮመጥጥም፤ ድፍን የፕላስቲክ ከረጢት ግን ያፍነውና ያበላሸዋል።

ወይን ላይም ይሠራል፤ ለዘለላው ሰፋ ያለውን ግዙ። ለኮክ ሽኮኮው ከነከረጢቱ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ሦስት ከረጢት አጥር ላይ ተሰቅሎ አግኝቻለሁ፣ ውስጡ ባዶ። ለኮክ እንግዲህ፣ እንጆሪ የሚሸጥበትን ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ፍሬው ላይ ገጥማችሁ በሽቦ አሥሩት። ጥርሱን የሚያሳርፍበት ጠርዝ ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ዛፉ የገና ዛፍ መስሎ ይታያል፤ እንግዳ ሲመጣ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ዛፉ ትልቅ ከሆነና ጥቂት ብቻ ከፈለጋችሁ አንድ ቅርንጫፍ መርጣችሁ በጥቅጥቁ መረብ እንደ እጅጌ አልብሱትና ሁለቱን ጫፍ እሠሩ። ሰባት ሜትር ለደረሰ ቼሪ ከዚህ ሌላ መንገድ አላውቅም። ላይኛው የወፎች ነው፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁ አትሰበሩለት።

መረብ ላለመግዛት ለምትፈልጉ

የፕላስቲክ ጉጉት፣ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ፣ አሮጌ ሲዲ፣ የወፍ ጩኸት የሚያሰማ መሣሪያ፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ። ሁሉም ለጥቂት ቀናት ይሠራሉ፤ ወፎቹ ከለመዷቸው በኋላ ጉጉቱ መቀመጫቸው ይሆናል። ፍሬያችሁ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ከሆነ ጥብጣቡ አይከፋም። ለስድስት ሳምንት በለስ ግን አይረባም።

ሚጥሚጣ የነሰነሱ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ የበርበሬው የሚያቃጥል ነገር ጡት አጥቢን ያቃጥላል፣ ሽኮኮም ይሸሻል። ወፍ ግን ቃጠሎው አይሰማትም፤ በዱር የበርበሬን ዘር የሚያዛምቱትም ወፎች ናቸው። ስለዚህ ሚጥሚጣው ሽኮኮውን አባርሮ ለሮቢኑ ገበታውን ብቻውን ይሰጠዋል። ዝናብም ያጥበዋል፣ ነፋስም ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል። እኔ ለክትፎዬ ነው የማስቀምጠው።

የዛፉን ግንድ በለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል ሽኮኮ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ግን ለብቻው ለቆመ ዛፍ ብቻ። ሽኮኮ ከመሬት አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ይዘላል፣ ከአጥር ወይም ከጣሪያ ደግሞ ወደ ጎን ሦስት ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቆርቆሮው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ካልጀመረ፣ ዙሪያውም ሦስት ሜትር ባዶ ካልሆነ ጌጥ ነው። ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣው በለስ ጨርሶ አይመቸውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚረሳው ቀደም ብሎ መልቀም ነው። ኮክ አረንጓዴው መደቡ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ጠንካራ ሳለ ቢለቀም፣ ቤት ውስጥ በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል። ፒርም እንዲያው ነው፤ እንዲያውም ዛፉ ላይ ከበሰለ ውስጡ ይበላሻል። ቲማቲምም ቀለም ሲጀምር ይወሰዳል። ስለዚህ ለኮክ የምታወጡትን የመረብ ገንዘብ ግማሹን በቅርጫት ልትተኩት ትችላላችሁ። በለስ፣ ቼሪ፣ ወይን፣ እንጆሪና ብሉቤሪ ግን ከተለቀሙ በኋላ አይጣፍጡም፤ እነዚህን ወይ ትጠብቃላችሁ ወይ ታጋራላችሁ።

ስለ ወጥመድና መርዝ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ሮቢን፣ ሞኪንግበርድና ካትበርድ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ መግደል ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተለቀው አገሩን የሞሉት ስታርሊንጎች በሕጉ አይሸፈኑም፤ ቢሆንም አንዱን ስታባርሩ መቶው ይመጣሉ። ሽኮኮን ይዞ ሌላ ሰፈር መልቀቅ በቨርጂኒያ ክልክል ነው፤ በምትኖሩበት ግዛት ጠይቁ። የተወሰደውም ሽኮኮ ቦታ ባዶ አይቆይም፤ ሌላው ይተካዋል።

እንግዲህ የእኔ ጓሮ ዛሬ እንዲህ ነው። እንጆሪው በሽቦ ሳጥን፣ ብሉቤሪው በቅስት ላይ በነጭ መረብ፣ በለሱ በከረጢት፣ ኮኩ በቅርጫት። ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ከነጩ መረብ አምስት ሜትር ግዙና በጣም የምትወዱትን ፍሬ አልብሱ።

ለቀማው ባለቀ ቀን አውልቁት። የመከር ቅጠል ከተጠራቀመበት ይከብዳል፣ በረዶ ካረፈበት ቅስቱን ይሰብራል፣ ባዶ ቁጥቋጦ ላይ የተተወ መረብም ማንንም ሳይጠቅም ሲይዝ ይከርማል። በውኃ አጥቡት፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ አድርቁት፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት። ክዳኑን አትርሱ። የመጀመሪያውን ነጭ መረቤን የበላችው ወፍም ሽኮኮም ሳትሆን ጋራዥ ውስጥ የከረመች አይጥ ነበረች።